የቆጵሮስ አገረ ገዥ ለማን ይጠየቅ ነበር? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የብሪታንያ አገዛዝ በቆጵሮስ ደሴት እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያብራራ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤያለሁ። ጽሑፉ ከ1878 እስከ 1960 ድረስ (ዓመታቱም ሆኑ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደሴቲቱን ያስተዳደሩትን አገረ ገዥዎችና ከፍተኛ ሹማምንት እየጠቀሰ የሚከተሉትን ነጥቦች ያቀርባል። አገረ ገዥው የተመረጡ አባላት በሚበዙበት ምክር ቤት የተገደበ ነበር፤ ሹማምንቱ በችሎታቸው ብቻ የተመረጡና ለማንም የማያዳሉ ነበሩ፤ ግብሩ ቀላል ከመሆኑም በላይ ለደሴቲቱ ጥቅም ይውል ነበር፤ የ1931ዱ ረብሻ የካህናትና የአቴንስ ቅስቀሳ ውጤት እንጂ ከአስተዳደሩ ጋር የሚያያይዘው ነገር አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምክር ቤት የተካሄደው ቀጥተኛ አገዛዝ ወባን እስከ ማጥፋት የደረሰ ልማት አመጣ፤ በመጨረሻም ብሪታንያ በ1960 ጠቅልላ ስለወጣች ከዚያ ወዲህ ለሆነው ሁሉ ተጠያቂዎቹ ደሴተኞቹ ብቻ ናቸው።

ጸሐፊው ስሞችንና የሹመት ዘመናትን በጥንቃቄ አሰባስበዋል፤ በዚያ በኩል የማነሣው ቅሬታ የለኝም። የማልስማማው ከእነዚያ መረጃዎች በደረሱበት ድምዳሜ ነው። ስለ አንድ መንግሥት ሲጻፍ ማን በየትኛው ወንበር እንደተቀመጠ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻው ቃል ከማን አፍ ይወጣ እንደነበርና ያንን ቃል የተናገረው ሰው ለማን መልስ ይሰጥ እንደነበር መታየት አለበት። የቆጵሮስ ሹማምንት መልስ የሚሰጡት ለለንደን ነበር። ይህ ከታየ የጽሑፉ ነጥቦች አንድ በአንድ ሌላ መልክ ይይዛሉ።

ስለ ሕግ አውጪው ምክር ቤት በተነሣው ነጥብ ልጀምር። የተመረጡት አባላት ከሹማምንቱ ይበዙ ነበር መባሉ በቁጥር ትክክል ነው። በ1882 የተቋቋመው ምክር ቤት 18 አባላት ሲኖሩት ስድስቱ በሥራ ላይ ያሉ ሹማምንት፣ 12ቱ የተመረጡ ነበሩ። ጸሐፊው የዘለሉት ነገር የ12ቱ አከፋፈል ነው። ዘጠኙን የሚመርጡት ሙስሊም ያልሆኑት፣ ማለትም በአብዛኛው የግሪክ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ሲሆኑ ሦስቱን የሚመርጡት ሙስሊሞቹ፣ ማለትም ቱርኮቹ ነበሩ። ሦስቱ ሙስሊሞች ከስድስቱ ሹማምንት ጋር ሲቆሙ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ በወዲያኛው ወገንም ዘጠኝ አለ። ድምፅ እኩል በተከፈለ ጊዜ የሚለየው ምክር ቤቱን በሰብሳቢነት የሚመራው የብሪታንያ ከፍተኛ ኮሚሽነር ነበር፤ በዚያን ጊዜ የኦቶማን ቱርክ ሱልጣን በስም የደሴቲቱ ባለቤት ስለነበር የገዥው ማዕረግ ይህ ነበር። ብሪታንያ በ1914 ደሴቲቱን ጠቅልላ ወደ ግዛቷ ቀላቀለች፤ በ1925 ደግሞ የዘውድ ቅኝ ግዛት ብላ ሰየመቻት፤ የገዥው ማዕረግም ወደ አገረ ገዥነት ተለወጠ። በዚሁ ጊዜ ምክር ቤቱ ወደ 24 አባላት አደገ፤ ሹማምንቱ ዘጠኝ፣ የግሪኮቹ ተመራጮች 12፣ የቱርኮቹ ሦስት ሆኑ። አንባቢ ይደምር፤ ዘጠኝና ሦስት 12 ነው፤ በወዲያ በኩል 12 አለ፤ የመለያው ድምፅም እንደ በፊቱ በአገረ ገዥው እጅ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ምክር ቤቱ ሲሰፋ እንኳ ይኸው ሚዛን ሳይነቃነቅ መጠበቁ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

የዚህ አሠራር ጉዳት ግሪኮቹ በድምፅ በመሸነፋቸው ብቻ አያበቃም። መንግሥት ሕጉን ለማሳለፍ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያስፈልገው ሦስቱን የቱርክ ተመራጮች ከጎኑ ማሰለፍ ስለነበር፣ ሁለቱ ማኅበረሰቦች በጋራ ጥቅማቸው ላይ በአንድነት መቆማቸው ለአስተዳደሩ የሥራ እንቅፋት ይሆን ነበር። ገበሬው ግሪክም ሆነ ቱርክ ያው ድርቅ፣ ያው አራጣ አበዳሪ፣ ያው ግብር ነበረበት፤ ወኪሎቹ ግን በአንድ ድምፅ በተናገሩ ቁጥር አገዛዙ ይጨነቅ ነበር። ከዚህም ሌላ ተመራጮች ወጪ የሚያስከትል ሕግ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ ማቅረብ አይችሉም ነበር። ምክር ቤቱ የመንግሥትን ሐሳብ ጥሎ ቢገኝ ደግሞ ለንደን በንጉሣዊ ድንጋጌ ያንኑ ሐሳብ ሕግ ታደርገው ነበር። ሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት የተባለውም ዋና ጸሐፊውን፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉንና የግምጃ ቤት ሹሙን የመሳሰሉ ባለሥልጣናት ከጥቂት ተሿሚ ደሴተኞች ጋር የሚቀመጡበት አማካሪ አካል ነበር፤ አገረ ገዥው ምክራቸውን ሳይቀበል ሊሠራ ይችላል፤ የሚጠበቅበት ምክንያቱን ለንደን ላለው ሚኒስትር ማስረዳት ነው። ጸሐፊው ገደብ ያሉት ይህንን ከሆነ፣ ገደቡ ያለው ከደሴቲቱ ውጭ እንደነበር መጨመር ይገባቸው ነበር።

ወደ ሹማምንቱ ስመጣ ብዙዎቹ የተማሩና ትጉህ ሰዎች እንደነበሩ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ከ1926 ጀምሮ አገረ ገዥ የነበሩት ሰር ሮናልድ ስቶርስ ቋንቋና ጥበብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ቀድሞም ኢየሩሳሌምን አስተዳድረዋል። ጥያቄው የእነዚህ ሰዎች የሥራ ሕይወት የት ይጀምርና የት ያበቃ ነበር የሚለው ነው። ከስቶርስ ቀጥለው የመጡት ሰር ሬጂናልድ ስታብስ በሆንግ ኮንግ ከዚያም በጃማይካ ገዥ ነበሩ፤ በቆጵሮስ ከ1932 እስከ 1933 ብቻ ቆይተው ወደ ሲሎን ሄዱ። ተከታያቸው ሰር ሪችመንድ ፓልመር ከሰሜን ናይጄሪያና ከጋምቢያ የመጡ ሰው ነበሩ። የመጨረሻው አገረ ገዥ ሰር ሂዩ ፉት በቆጵሮስ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠርተው በ1945 በዚያው ሹመት ወደ ጃማይካ ተዛወሩ፤ ከዚያ በናይጄሪያ ዋና ጸሐፊ፣ እንደገና በጃማይካ ገዥ ሆኑ፤ በ1957 መጨረሻ ደግሞ ወደ ቆጵሮስ በገዥነት ተመለሱ። ሹመቱ፣ ዕድገቱ፣ የጡረታ መብቱና ቀጣዩ ምደባ የሚወሰነው በለንደኑ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነው። እንዲህ ያለ ሹም በግሉ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚያስተዳድረው ሕዝብ ሊሾመውም ሊሽረውም አይችልም፤ ዛሬ ያወጣው ሕግ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማየትም በአብዛኛው በቦታው አይገኝም።

ከደሴቲቱ ተወላጆች ወደ ከፍተኛ ሥልጣን የደረሱ መኖራቸውን ጸሐፊው ሳይጠቅሱ ማለፋቸው አስገርሞኛል፤ ይህ ለእርሳቸው ክርክር ይረዳቸው ነበርና። ቆጵሮሳዊው የሕግ ሰው ክሪቶን ቶርናሪቲስ በ1952 የቅኝ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነዋል፤ ከነጻነት በኋላም በሪፐብሊኩ በዚያው ኃላፊነት ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ይህ መካድ የሌለበት እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ተወላጅ በሕግ አማካሪነት እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰው አገዛዙ ሊያበቃ ስምንት ዓመት ሲቀረው ነው፤ የገዥነቱ መንበር ደግሞ እስከ መጨረሻው ለአንድም ቆጵሮሳዊ አልተሰጠም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የግብሩ ጉዳይ፣ በጽሑፉ ውስጥ እጅግ የደከመው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። በ1878ቱ ስምምነት ብሪታንያ ደሴቲቱን ስትረከብ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ቱርክ ከደሴቲቱ ታገኘው የነበረው ትርፍ አማካይ ተሰልቶ በየዓመቱ ለሱልጣኑ እንዲከፈል ተወሰነ። ስሌቱ ወደ 92,800 ፓውንድ ግድም ሆነ። ይህ ገንዘብ ግን ኢስታንቡል አልደረሰም። የኦቶማን መንግሥት በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1855፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ዋስ የሆኑለትን ብድር ወስዶ ነበርና፣ ኋላ መክፈል ሲያቅተው የቆጵሮስ ገንዘብ በዚያ ብድር ወለድ ላይ እንዲውል ተደረገ። ነገሩ በአጭሩ ሲነገር የቆጵሮስ ገበሬ የሚከፍለው ግብር፣ ደሴቲቱ ያልተበደረችውንና አንድ ሳንቲም ያልተጠቀመችበትን ዕዳ ለአውሮፓ ገንዘብ አበዳሪዎች ይከፍል ነበር። ብሪታንያ ዋስ ስለነበረች፣ ክፍያው ከቆጵሮስ ባይመጣ ኖሮ ከራሷ ግምጃ ቤት መሸፈን ይጠበቅባት ነበር።

ለንደን በየጊዜው የድጎማ ገንዘብ ትልክ እንደነበር ጸሐፊው አንሥተዋል፤ እውነት ነው። ድጎማው ያስፈለገው ግን ከደሴቲቱ ገቢ ይህን ያህል ገንዘብ ተቀንሶ ሲወጣ የቀረው ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ቀርቶ ለሹማምንቱ ደመወዝም ስለማይበቃ ነበር። በአንድ እጅ የተወሰደውን ከፊል በሌላው መመለስ ልግስና ሊባል አይችልም። ዊንስተን ቸርችል በ1907 የቅኝ ግዛት ምክትል ሚኒስትር ሆነው ደሴቲቱን ሲጎበኙ በዚህ ጉዳይ ብርቱ አቤቱታ ቀረበላቸው፤ ከዚያ በኋላ በዓመት 50,000 ፓውንድ ቋሚ ድጎማ መደበኛ ሆነ። ክፍያው ራሱ የቀረው በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በስቶርስ ዘመን ነው፤ ያኔም ደሴቲቱ ለብሪታንያ ግዛት መከላከያ በየዓመቱ 10,000 ፓውንድ እንድታዋጣ ተደረገ። ይህ ሁሉ ሲወሰን የደሴቲቱ ምክር ቤት በድምፁ ሊያስቀረው የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ተመራጮቹ ለአርባ ዓመት ከበለጠ ጊዜ ዓመት በዓመት ተቃውሞ ያሰሙ ነበር፤ ተቃውሟቸውም ይመዘገብ ነበር። አገዛዙ በ1926 የዐሥራት ግብርን ማስቀረቱን በበጎ የምቆጥርለትን ያህል፣ የዐሥራቱ መቅረት እስከዚያ ድረስ ገበሬው ሲሸከም የኖረውን ሸክም አይሰርዘውም።

ጽሑፉ የ1931ዱን ረብሻ ከአስተዳደሩ ለይቶ የሚያየው ይህንን ታሪክ ወደ ጎን ስላደረገው ነው። ከግሪክ ጋር የመዋሐድ ጥያቄ፣ ኤኖሲስ የሚሉት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር፤ ጳጳሳቱም መሪዎቹ ነበሩ። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጥያቄው ለአምሳ ዓመታት በአቤቱታና በልዑካን ሲቀርብ ኖሮ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ወደ እሳት የተለወጠበት ምክንያት መፈለግ አለበት። የዓለም የንግድ ቀውስ ገበሬውን በዕዳ በያዘበት ዓመት መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለመሙላት አዲስ የጉምሩክ ታሪፍ ሕግ አቀረበ። በሚያዝያ ወር ከሦስቱ የቱርክ ተመራጮች አንዱ፣ ነጃቲ ቤይ፣ ከግሪኮቹ ጋር ድምፅ ሰጡና ሕጉ ወደቀ። ከላይ የደመርነው ስሌት በአንድ ሰው ሕሊና ፈረሰ። ሁለቱ ማኅበረሰቦች በአንድ ጉዳይ ተስማምተው በሕጋዊ መንገድ የሰጡትን ውሳኔ ለንደን በዚያው ዓመት በንጉሣዊ ድንጋጌ ሽራ ታሪፉን ሕግ አደረገችው። በጥቅምት የኪቲዮኑ ጳጳስ ኒቆዲሞስ ከምክር ቤቱ መልቀቃቸውን አሳውቀው ሕዝቡ ለሕጉ እንዳይታዘዝ ጠሩ። ጥቅምት 21 ሌሊት ኒኮሲያ ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ ከእንጨት የተሠራውን የአገረ ገዥ መኖሪያ አቃጠለው፤ ስቶርስ ለዘመናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ቅርሶችም አብረው ነደዱ።

ቃጠሎውን ደግፌ አልጽፍም። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ስብስብ መጥፋቱ ያሳዝናል፤ በግርግሩ ሕይወታቸው ያለፈ ደሴተኞች መኖራቸውም የበለጠ ያሳዝናል። ሆኖም ነገሩን ሁሉ በአቴንስ ማሳበብ ከመዝገቡ ጋር አይሄድም፤ የግሪክ መንግሥት በዚያን ጊዜ ከብሪታንያ ጋር መጣላት አይፈልግም ነበርና። ሕዝቡ ምክር ቤቱ ላይ ተስፋ የቆረጠው ድምፁ የሚቆጠረው ለአስተዳደሩ እስከተስማማ ድረስ ብቻ መሆኑን በዚያ ዓመት በዓይኑ ስላየ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አገዛዝ ጽሑፉ ፈጣንና ውጤታማ ይለዋል። ፈጣን ነበር፤ የሚጠይቀው የለምና። ሕግ አውጪው ምክር ቤት ተሰረዘ፤ አገረ ገዥው ሕግ አውጪም አስፈጻሚም ሆነ፤ በ1933 ከጎኑ የተቀመጠው አማካሪ ጉባኤ እርሱ በሾማቸው ሰዎች የተሞላ ነበር። የኪቲዮንና የኪሬኒያ ጳጳሳትን ጨምሮ መሪዎች ከአገር ተባረሩ፤ የቃጠሎው ካሣ በጅምላ በከተሞችና በመንደሮች ላይ ተጣለ፤ ያለ ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን ደወል መደወልና የግሪክም ሆነ የቱርክ ሰንደቅ ዓላማ መስቀል ተከለከለ፤ ጋዜጦች ቅድመ ምርመራ ተጣለባቸው፤ ሙክታር የሚባሉት የመንደር ሹሞች ሳይቀሩ በአገረ ገዥው የሚሾሙ ሆኑ። የማዘጋጃ ቤት ምርጫ እንደገና የተፈቀደው በ1943 ነው።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ሳይብራራ የሚገባን አንድ ነገር ልጨምር። ሊቀ ጳጳስ ኪሪሎስ በ1933 ሲያርፉ ሌሎቹ ሁለት ጳጳሳት በስደት ላይ ስለነበሩ በደሴቲቱ የቀሩት የጳፎሱ ሌኦንቲዮስ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ዐቃቤ መንበር ሆኑ። መንግሥት በ1937 የሊቀ ጳጳሱን ምርጫ በራሱ ቁጥጥር ሥር የሚያደርጉ ሕጎች አወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በእነዚያ ሕጎች ሥር ምርጫ ለማድረግ አልፈቀደችም። መንበሩ እስከ 1947 ድረስ ባዶ ሆኖ ቆየ። ከጥንት ጀምሮ ራሷን ችላ በሲኖዶሷ የምትመራ ቤተ ክርስቲያን ለ14 ዓመታት ያለ ሊቀ ጳጳስ የኖረችበትን ዘመን የአስተዳደር ስኬት ዘመን ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ወባ መጥፋቱ ታላቅ ሥራ ነው፤ ጽሑፉ ለዚህ ክብር መስጠቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ሥራውን የመሩት ዋና የጤና ተቆጣጣሪው መህመት አዚዝ፣ የደሴቲቱ ተወላጅ ቱርክ መሆናቸውን መጥቀስ ያስፈልግ ነበር። ከ1946 እስከ 1949 ደሴቲቱን በትንንሽ ክልል ከፋፍለው፣ ግሪክም ቱርክም የሆኑ ሠራተኞችን አሰማርተው፣ ጉድጓዱን፣ ዋሻውንና ረግረጉን ሁሉ እየፈተሹ ዲዲቲ አስረጩ። ገንዘቡ ከብሪታንያ የቅኝ ግዛት ልማት ፈንድ የመጣ ነው፤ ይህን በምስጋና እቀበላለሁ። ሥራው የሚያረጋግጠው ግን የደሴቲቱ ሰዎች ኃላፊነት ሲሰጣቸው ምን መሥራት እንደሚችሉ ነው፤ የተመረጠ ምክር ቤት መሰረዙ ለዚህ ሥራ ምን አስተዋጽኦ እንዳደረገ ጸሐፊው አላሳዩም፤ ሊያሳዩም የሚችሉ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ነጥብ ደሴተኞቹን ብቻቸውን ተጠያቂ የሚያደርገው ነው። በሐምሌ 1954 አንድ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ዴኤታ በለንደኑ ፓርላማ ተነሥተው፣ አንዳንድ ግዛቶች በልዩ ሁኔታቸው ምክንያት ሙሉ ነጻነት ፈጽሞ ሊጠብቁ እንደማይችሉ ሲናገሩ ቆጵሮስን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ 1 ከግሪክ ጋር መዋሐድን የሚሻው የግሪክ ቆጵሮሳውያን ታጣቂ ድርጅት፣ ኢዮካ፣ የትጥቅ ትግል ጀመረ። በጥቅምት 1955 ገዥ ሆነው የመጡት ፊልድ ማርሻል ሰር ጆን ሃርዲንግ ከዚያ ቀደም የብሪታንያ ጦር ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የነበሩ ወታደር ናቸው። በኅዳር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ መጋቢት 9 ቀን 1956 ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ ያለ ክስና ያለ ፍርድ ተይዘው ወደ ሌላ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ሲሼልስ ደሴቶች፣ ተጋዙ፤ በ1956 እና 1957 ዘጠኝ ወጣቶች በስቅላት ተቀጡ። ግሪክ ፖሊሶች በኢዮካ ማስፈራሪያ ሥራቸውን ሲለቁ አስተዳደሩ የረዳት ፖሊሱን ኃይል በአብዛኛው ከቱርኮቹ መለመለ። ከዚያ በኋላ አንድ የኢዮካ ታጣቂ በፖሊስ ላይ የተኮሰው ጥይት የሚመታው የጎረቤቱን ልጅ ሆነ። የሁለቱም ማኅበረሰብ መሪዎችና ታጣቂዎች በፈሰሰው ደም ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ ኢዮካ የገደላቸው ግሪኮችም ጥቂት አይደሉም፤ ከቱርኮቹ ወገን የተነሣው ታጣቂ ድርጅት ቲኤምቲም እንዲሁ የራሱን ወገኖች ገድሏል። ግን የፖሊሱን አመላመል የወሰነው አስተዳደሩ ነው፤ ከ1882 ጀምሮ ሁለቱን ወገኖች በተለያየ የምርጫ መዝገብ ሲያስመርጥ የኖረውም እርሱ ነው። የ1960ው ሕገ መንግሥት ግሪካዊ ፕሬዚዳንትና ቱርካዊ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሰባት ለሦስት የተከፋፈለ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ በማኅበረሰብ የተለየ ምርጫ ሲደነግግ የቀጠለው ይህንኑ መስመር ነው፤ ሰነዱም መጀመሪያ የተሰናዳው ደሴተኞቹ በሌሉበት፣ በዙሪክ፣ በግሪክና በቱርክ መንግሥታት መካከል ነው።

ብሪታንያ ጠቅልላ ወጣች የሚለው አባባልም መታረም አለበት። አክሮቲሪና ዴኬሊያ የተባሉት ሁለት የጦር ሰፈር ግዛቶች፣ በድምሩ 99 ስኩዌር ማይል፣ በ1960ው ስምምነት ከሪፐብሊኩ ተለይተው በብሪታንያ ሉዓላዊነት ሥር ቀርተዋል። በውስጣቸው ቆጵሮሳውያን የሚኖሩባቸው መንደሮችና የሚያርሱት መሬት አለ። የግዛቶቹ አስተዳዳሪ በደሴቲቱ ያለው የብሪታንያ ጦር አዛዥ ነው፤ ሕግ የሚያወጣውም ሆነ የሚያስፈጽመው እርሱ ነው፤ በነዋሪዎቹ የተመረጠ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የለም፤ አስተዳዳሪው ተጠሪነቱም ለንደን ላለው የመከላከያ ሚኒስቴር ነው።